የጋሽ ጃማ ቦታ መሙያ

ኢድሪስ ከሐርጌሳ የደወለልኝ ረፋድ ላይ ነው። ኢድሪስ የጅማ ልጅ ነው፤ ሐርጌሳ እሠራበት ከነበረው ቢሮ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ልብስ ሰፊ። «ሰዓዳ፣ ጋሽ ጃማ ወደ አኼራ ሄደ» አለኝ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩና ኮምቦልቻ ባለችኝ ትንሽ የኅትመት ቤት ውስጥ ያገኘሁት የወረቀት ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ኢድሪስ «ከትናንት ወዲያ ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ ነበር» አለ። «‹ለመቼ ይድረስልህ?› ስለው ‹አስቸኳይ ነው› አለኝ። አሁን ሱሪውን ምን ላድርገው?»

ሳቄ መጣ። እሱም ከወዲያ ሲስቅ ይሰማኛል። በሰው ሞት መሳቅ ነውር መሆኑ ጠፍቶን አይደለም። ጋሽ ጃማ ግን ባወቅሁት ዘመን ሁሉ አስቸኳይ ያልሆነ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ሻይ ሲያዝ አስቸኳይ ነው፤ ሻዩ መጥቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ረስቶት ሲያወራ ደግሞ ወሬው አስቸኳይ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያለቀስኩት፤ እሱንም ደንበኛ ስለገባ በቅጡ አልጨረስኩትም።

ጋሽ ጃማ ሐርጌሳ ተወልዶ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነበር። ሙያው ማስታወቂያ መጻፍ ነው። የሱቅ፣ የሻይ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የጭነት መኪና ጎን፤ ቀለም የሚይዝ ነገር ሁሉ ላይ ጽፏል። አማርኛን እንደማንኛውም የድሬዳዋ ልጅ ያቀላጥፈዋል፤ ማንበብ ግን አይችልም። ቁርኣን ቤት ዐረብኛ ተምሯል፤ ሶማልኛን በላቲን ፊደል ያነባል፤ አማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን ደጃፉን አልረገጠም። ይህ ሥራውን አላስተጓጎለበትም። ደንበኛው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ የሚሰጠውን እያየ ይስላል፤ በቃ። «ፊደል ለእኔ እንደ ሰፈር ሰው ነው» ይለኝ ነበር። «ሁሉንም በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ ስማቸውን ግን ጠይቄያቸው አላውቅም።»

አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ፀጉር አስተካካይ የሱቁን ስም የጻፈለት ወረቀት ጀርባው ላይ የቤት አስቤዛ ነበረበት። ጋሽ ጃማ ወረቀቱን ገልብጦ ያዘው። ፀጉር ቤቱ ሦስት ቀን ሙሉ በሚያምር ቀይና ቢጫ ፊደል «ሽንኩርት ሁለት ኪሎ፣ ዘይት፣ ክብሪት» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሎበት ዋለ። «ከጻፍኳቸው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር» ይል ነበር ሲያስታውሰው። «ሰውየው ሲያስወርደው አንጀቴን በላኝ።»

ሐርጌሳን ያፈረሰው ጦርነት አብቅቶ ከተማዋ እንደገና መሠራት ስትጀምር ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። ጊዜው ለእሱ ሙያ የተመቸ ነበር። ጣሪያው የሄደ፣ ጥይት የበሳሳው ግድግዳ ካለበት ጎን አዲስ የመስታወት ሱቅ ይከፈታል፤ ሱቅ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ስም መጻፍ አለበት። እንዲህ ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ላይ ሲጽፍ መሰላሉ ከሥሩ ሸሸ። ጉልበቱ ተሰበረ። ሲድን መራመድ ቻለ፤ መሰላል ላይ መውጣት ግን ቀረ። ተኝቶ ሳለ ለጠያቂዎቹ ሁሉ የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ ነበረችው፦ «መሰላል የማይፈልግ ማስታወቂያ ምን አለ?» ከጠያቂዎቹ አንዱ «ድረ ገጽ» አለው። ድረ ገጽ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ «እሱን እከፍታለሁ» አለ።

ቢሮውን የከፈተው አሕመድ ዳጋህ የሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ውስጥ፣ በኢድሪስና በአንድ የሳተላይት ዲሽ ሻጭ መካከል ነው። በሩ ላይ በሶማልኛ «ዲዛይን፣ ኅትመት፣ ድረ ገጽ፣ ሁሉም ነገር» ብሎ ጽፏል። «ሁሉም ነገር» በምትለዋ የተነሣ ሰዎች የተበላሸ ራዲዮ፣ የተሰበረ ጃንጥላ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የምታስል ፍየል ይዘው መጥተዋል።

እኔ ያን ጊዜ ጋአን ሊባህ ሰፈር ያለችው አክስቴ ሱቅ ውስጥ ልብስ እያጣጠፍኩ፣ ደሴ የተማርኩትን ኮምፒውተር እየረሳሁ ነበር። ሥራ ልጠይቀው ስሄድ የምስክር ወረቀቴን አላየውም። ደጅ አውጥቶ ማስታወቂያውን አሳየኝና «ምኑ ላይ ነው ጉድለቱ?» አለኝ።

«‹ሁሉም ነገር› የሚለው ይጥፋ» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ተቀጥረሻል» አለኝ። ጽሑፉን ግን አላጠፋውም።

መልኩን ልንገራችሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ ሰው ነው። ሽርጥ ለብሶ፣ ሰንደል ጫማ አድርጎ፣ ከላይ ነጭ ሸሚዝና ሰማያዊ ከረባት ያስራል። «ያስራል» ስል ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ከረባቱን አንድ ጊዜ ሌላ ሰው አስሮለት ከዚያ ወዲህ አልተፈታም። ጧት በአናቱ ያጠልቀዋል፣ ማታ በአናቱ ያወልቀዋል። የሠራሁትን ሊመዝን ሲፈልግ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሁለት እጁ ጣቶች መስኮት ሠርቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ግድግዳ ላይ የሚጻፍ ነገር ከሩቅ መታየት አለበትና ልማዱ አልለቀቀውም። ቢሮው ግን ጠባብ ነው፤ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ከበሩ ይወጣል። መንገድ ላይ ቆሞ በበሩ በኩል የእኔን ኮምፒውተር ያያል። አላፊ አግዳሚው ምን እንዳለ ለማየት አጠገቡ ይቆማል። አንዳንድ ቀን ቀና ስል አምስት ስድስት የማላውቃቸው ሰዎች ሥራዬን እያዩ አገኛለሁ፤ በመካከላችን አህያ ውኃ ተሸክማ ታልፋለች።

ሥራችን እንዲህ ነበር። ደንበኛ ይሆናል ብለን ላሰብነው ሰው ድረ ገጹ ምን ሊመስል እንደሚችል የሚያሳይ ናሙና እንሠራለን። በእንግሊዝኛ ሞካፕ ይሉታል። ጋሽ ጃማ «ሙከራ ከሚለው የኛ ቃል ወስደውት ነው» ብሎ ያምን ስለነበር ክርክር አላነሣሁም። ናሙናውን በቀለም አትመን የፓስታ ካርቶን ላይ እንለጥፈዋለን፤ ደንበኛው ፊት ኮምፒውተር ይዞ መሄድ መብራት ሲጠፋ ያዋርዳል። ሁልጊዜ ሦስት ናሙና ነው። «አንዱን ይጠላዋል፣ አንዱን ያመሰግነዋል፣ አንዱን ይገዛዋል» ይላል ጋሽ ጃማ። የእኛ ደንበኞች ሁሉንም አመስግነው ይሸኙን ነበር።

ያስቸገረን ቦታ መሙያው ነው። ደንበኛው ገና ጽሑፍ አልሰጠንም፤ ናሙናው ላይ ግን ጽሑፍ በሚገባበት ቦታ የሆነ ነገር መኖር አለበት። በሌላ አገር ትርጉም የሌለው የላቲን ጽሑፍ ያስገባሉ። እኛም መጀመሪያ ያንን አስገባን። ሶማልኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል መሆኑን ግን ልብ አላልንም። የመጀመሪያው ደንበኛችን የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ናሙናውን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። አልገባውም። አባቱን ጠራ። አባትየው አንብበው «የደቡቦች ሶማልኛ ነው» አሉ። ልጅየው አይደለም አለ። ለአንድ ሰዓት ሲከራከሩ ዲዛይኑን ያየልን የለም።

ቀጥሎ ዐረብኛ አስገባን። ደንበኛው ወረቀቱን ስሞ ግንባሩ ላይ አደረገውና «ይሄ ቀለም ይቀየር» ለማለት እንኳ ፈራ። እንግሊዝኛ ስናስገባ ደግሞ ደንበኛው ጽሑፉን እንደ ውል ይዞት ያልተናገርነውን ቃል ገብታችኋል ብሎ ሞገተን።

ያኔ ነው ጋሽ ጃማ ጠረጴዛውን መታ ያደረገው። «አማርኛ» አለ። «ሐርጌሳ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሞልቷል፤ የሚያነብ ግን የለም።»

«በምን አወቅህ ጋሽ ጃማ?»

«እኔ አላነብማ።»

በዚህ ማስረጃ ተማምነን አማርኛ ጀመርን። እኔም ቦታው እስኪሞላ ድረስ የመጣልኝን እጽፋለሁ፤ የሰላምታ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ግጥም፣ አንዳንዴ ያማረኝን ምግብ። ጋሽ ጃማ ከመንገድ ላይ ሆኖ በጣቱ መስኮት ያይና «ማሻአላህ፣ ጽሑፉ አካል አለው» ይላል።

እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። ናሙና እንሠራለን፤ ሥራ የለም። ጋሽ ጃማ አይናገርም እንጂ ጭንቀቱን አየዋለሁ። አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ባለቤት መጥቶ የመኪናውን ጎን እንዲጽፍለት ሲጠይቀው «እሺ» ሊል አፉን ከፍቶ ጉልበቱን ያዘ። ሰውየው ሲሄድ «ከታች ከታች ብቻ ብጽፍለትስ?» አለኝ። ቀልዶ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም።

የሐጂ ወርሰሜ ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው። ሐጂ ወርሰሜ በበርበራ ወደብ በኩል በግና ፍየል ወደ ዐረብ አገር የሚልኩ ነጋዴ ናቸው። ጂዳ ያሉ ገዢዎቻቸው «ድረ ገጽህ የት ነው?» ብለው ጠይቀዋቸው «ነገ ኢንሻአላህ» ካሏቸው ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ጋሽ ጃማ ዜናውን ሰምቶ ወደ ሐጂ ሲከንፍ፣ እያነከሱ መሮጥ የሚቻል መሆኑን ያን ቀን አየሁ። ሐጂ በሦስተኛው ቀን ናሙና ይዛችሁ ኑ አሉን።

«ይሄ ካልሆነ፣ ሰዓዳ» አለኝ ጋሽ ጃማ፣ «አንቺ ወደ አክስትሽ ሱቅ፣ እኔ ወደ መሰላሉ ነን።» ይህንን ሲል አልቸኮለም። ስለዚህ ከልቡ መሆኑ ገባኝ።

መጀመሪያ ፎቶ ልናነሣ ወደ ከብት ገበያው ሄድን። ጋሽ ጃማ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ የሆነ በግ ፈለገ፤ ያ እንኳ በዚያ አገር ሞልቷል። እሱ ግን የፊት ሁኔታ መረጠ። «ይሄ ያዘነ ነው» ይላል። «ይሄ ደግሞ የሆነ ነገር የሰረቀ ይመስላል። እምነት የሚጣልበት ፊት እፈልጋለሁ።» ከረፋድ እስከ ዙሁር አዛን ድረስ በበጎቹ መካከል ከረባቱን አድርጎ ሲዞር ሻጮቹ የመንግሥት ቁጥጥር መስሏቸው ቦታ ይለቁለት ጀመር። በመጨረሻ አንድ አሮጌ በግ አገኘ። እውነት ለመናገር ከባንክ ሥራ አስኪያጅ የማያንስ ፊት ነበረው።

ሦስት ናሙና ሠራን። ሁለተኛው ላይ «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ትልቅ ቦታ ነበረው። በዚያ ሰሞን ደሴ ላለችው እህቴ ለራሕመት ደብዳቤ ልጽፍላት እያሰብኩ ጊዜ አጥቼ ነበርና «ቦታውም ይሞላ፣ ሐሳቤም ይውጣ» ብዬ ደብዳቤዋን እዚያው ጻፍኩት። ጋሽ ጃማ ወደ መንገዱ ወጥቶ አየና ተመለሰ።

«አምሯል። ግን ከታች ይጎድለዋል፤ አራት መስመር ጨምሪ።»

«ምን ልጨምር ጋሽ ጃማ? ያለኝን ጨረስኩ።»

«ከልብሽ ጻፊ። ከልብ ያልተጻፈ ፊደል ከሩቅ ያስታውቃል።»

እሱ ከጀርባዬ ቆሞ እያየ አራት መስመር ጨመርኩ። «አሁን ሞላ» አለ ረክቶ።

በቀጠሮው ቀን የሐጂ ወርሰሜ ቢሮ ገባን። እንደ ገመትነውም መብራት ጠፍቷል፤ ካርቶኖቻችንን በመስኮቱ ብርሃን ግድግዳ ላይ አስደገፍናቸው። ሐጂ ወፍራም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ መቁጠሪያ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ጋሽ ጃማ በሶማልኛ ስለ ቀለም፣ ስለ እምነት፣ ስለ በጉ ፊት አስረዳ። ሐጂ አንደኛውን ናሙና አይተው «ሀየ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ሦስተኛውን አይተውም «ሀየ» አሉ። ወደ ሁለተኛው ተመለሱና ከኪሳቸው መነጽር አውጥተው አደረጉ።

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በጎን ሆኜ አየኋቸው። ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው ለዚክር መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እያነበቡ ነው።

«ው-ድ እህ-ቴ ራሕ-መት» አሉ ሐጂ፣ በአማርኛ። «እንደምን ሰነበትሽ።»

ጋሽ ጃማ በደስታ ወደ እኔ ዞረ። «አማርኛ ይችላሉ» አለኝ በሹክሹክታ፣ መልካም ዜና እንደሚነግር ሰው።

ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀጠሉ። ከፊደል ፊደል እየተሻገሩ፣ ሳይቸኩሉ ነው የሚያነቡት። «እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራ ይዣለሁ ብዬሽ ነበር። ሥራው አለ፤ የሌለው ደንበኛ ነው። አለቃዬ ጋሽ ጃማ አንድም ደንበኛ ሳይኖረው ከከተማው ሰው ሁሉ ይበልጥ ይቸኩላል።»

ጋሽ ጃማ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ከረባቱን ማን እንዳሰረለት አላውቅም፤ እሱም ማን እንደሚፈታለት አያውቅም። እንደ በቅሎ ልጓም በአናቱ ያጠልቀዋል።» ሐጂ ከመነጽራቸው በላይ ከረባቱን አዩት። ጋሽ ጃማ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አሁን ለአንድ የበግ ነጋዴ ሐጂ ናሙና እየሠራን ነው። ሐጂው ድረ ገጽ ምን እንደሆነ የሚያውቁ አይመስለኝም። ጋሽ ጃማም የሚያውቅ አይመስለኝም። እስካሁን የምናውቀው እኔና በጎቹ ነን።»

እዚህ ላይ ቆሙ። የቀሩትን አራት መስመሮች ድምፅ ሳያወጡ አነበቧቸው። ሲጨርሱ ጋሽ ጃማን ትንሽ ቆየት ብለው አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማነው የጻፈው?» አሉ።

አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ጃማ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ ሐጂ። እኔ ነኝ ያጻፍኳት።»

«ስለ ራስህ ከረባት?»

«ትሕትና ነው።»

«ስለ እኔስ?»

ጋሽ ጃማ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን በግ አየ። «እሱ ቦታ መሙያ ነው» አለ በመጨረሻ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«ደሴ ነኝ ሐጂ። አፉ ይበሉኝ።»

«ከአሰብ ኮምቦልቻ ስንት ዓመት መኪና ነድቻለሁ» አሉ። «መሠረተ ትምህርት ግድ ነው ብለው ኮምቦልቻ ላይ አስገቡኝ። ከክፍላችን ፈተናውን ያለፍነው እኔና አንዲት ባልቴት ነን። የምስክር ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን የሚነበብ አማርኛ የሰጠኝ ሰው የለም።» መቁጠሪያቸውን አንቀሳቀሱ። «ይሄኛውን እፈልጋለሁ» አሉ ሁለተኛውን ናሙና እያመለከቱ።

ጋሽ ጃማ እጁን ወደ ካርቶኑ ዘረጋ። «አልሐምዱሊላህ። ጽሑፉን ዛሬውኑ እናወጣዋለን፤ አስቸኳይ ነው።»

«አይነካም።»

«ደብዳቤ እኮ ነው ሐጂ። የራሷ የቤተሰብ ደብዳቤ።»

«እኔ ገበያ ወርጄ አንድ በግ አይቼ ከተስማማሁ በኋላ ሻጩ ሌላ በግ ቢያመጣልኝ እቀበለዋለሁ?»

«አይቀበሉም።»

«እኔ ያየሁት ይሄን ነው። የወደድኩት ይሄን ነው። የምወስደውም ይሄን ነው።»

ጋሽ ጃማ እኔን አየኝ። የእሱ ከረባት፣ የእኔ ደብዳቤ። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ምን እላለሁ? መሰላሉን አሰብኩና «ይሁን» አልኩ።

በማግስቱ ያለ ከረባት መጣ። አንገቱ ባዶ ሲሆን ሌላ ሰው ይመስላል፤ ያነሰ ሰው። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር «ሥራ አለብን» ብሎ አቋረጠኝ። ኢድሪስ ግን ቀትር ላይ ገብቶ «ጋሽ ጃማ ትናንት ከረባት አስተሳሰር አስተምረኝ ብሎ ሲያለፋኝ አመሸ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ከረባቱ ተመለሰ። ጠማማ ነበር፤ ግን በገዛ እጁ የታሰረ ነው። ስለ ደብዳቤው ለብዙ ጊዜ አላነሣም፤ እኔም ደፍሬ አላነሣሁትም።

ድረ ገጹ ሥራ ጀመረ። በሶማልኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ስለ በግ ይናገራል፤ «ስለ እኛ» የሚለውን ሲጫኑ ለራሕመት የተጻፈ ደብዳቤ ይመጣል። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ላይ አማርኛ እንደዛሬው አልነበረም፤ ያገኘው ሰው ሁሉ ያነበዋል መሰለኝ። መልእክት ይጎርፍ ጀመር። ከጂዳ አንዲት የቤት ሠራተኛ «ራሕመት መለሰችልሽ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ከቤሩት አንዷ «የእኔም አለቃ እንደዚያው ናት፤ ከረባት ብቻ የላትም» አለች። በግ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ለዒድ አንድ በግ ብቻ ፈልጎ ነው። ሐጂ በየሳምንቱ እያስጠሩን መልእክቶቹን በራሳቸው ያነቡ ነበር፤ አንድ ፊደል ላይ ሲያዙ ብቻ ወደ እኔ ቀና ይላሉ። የጂዳ ገዢዎች ድረ ገጹን አይተው መደሰታቸውን ሲሰሙ ለነጋዴ ጓደኞቻቸው ሁሉ ተናገሩ። በዓመቱ መጨረሻ አምስት ደንበኞች ነበሩን። ሁለቱ «የሐጂን ዓይነት፣ ከነደብዳቤው» ብለው አዘዙ።

ጋሽ ጃማ ፊደል አስተምሪኝ ያለኝ በዚያ ሰሞን ነው። ምክንያቱን «የሐጂን መልእክት ማጣራት አለብኝ» ብሎ ሰጠኝ። እንደ እሱ ያለ ተማሪ አላየሁም። መጻፉን ከእኔ አሥር እጥፍ አሳምሮ ይጽፋል። «ሀ» እና «ሐ»ን ስነግረው «እነዚህ ሁለቱ ዘመድ መሆናቸውን ጠርጥሬ ነበር» ይላል። «ፀ»ን ሲማር ቆም ብሎ «ፀጉር ቤት ላይ ስንት ጊዜ ጽፌሻለሁ» አላት፣ ለፊደሏ። ሠላሳ ዓመት ስማቸውን ሳይጠይቅ የኖረባቸውን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ተዋወቃቸው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ እኔ ወረቀት ስቆርጥ፣ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጠና የሐጂን ድረ ገጽ ከፈተ። «ስለ እኛ» የሚለውን ተጫነ። ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ። «ውድ እህቴ ራሕመት።» ስለ ደንበኛው አነበበ። ስለ ከረባቱ አነበበ፤ ሲያነብ ከረባቱን በሌላ እጁ ይዞት ነበር። «እኔና በጎቹ ነን» የሚለው ላይ ሲደርስ ሐጂ ያን ቀን ድምፅ ሳያወጡ ወዳነበቡት ቦታ ተሻገረ። ተነሥቼ ልወጣ ፈለግሁና ወረቀት መቁረጤን ቀጠልኩ።

«ግን ራሕመት» ብሎ አነበበ፣ ፊደል በፊደል፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ። ትናንት ጋሽ ጃማ መንገድ ላይ ቆሞ የሠራሁትን ሲያይ አንድ አላፊ አብሮት አየና ‹ጥሩ አድርገህ ሠርተኸዋል› አለው። እሱ ግን ‹የኔ አይደለም፣ የእሷ ነው› ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ የሠራሁትን የእሷ ነው ብሎ ለሰው ያሳየ እሱ ብቻ ነው። ይሄን ሥራ ካጣን የማዝነው ለእኔ አይደለም።»

ጣቱ የመጨረሻው አራት ነጥብ ላይ ቆየ። የኢድሪስ የስፌት መኪና ከግድግዳው ወዲያ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ጃማ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

«የእሷ ነው ያልኩት» አለ፣ «ሥራሽን ትንሽ ዘመም ብሎ ስላየሁት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? አስተካክለው ነበር እኮ።»

«ቆይቼ ሳጣራ» አለ፣ «የዘመመው እኔ የቆምኩበት መሬት ነበር።»

ተነሥቶ ወንበሬን ወደ ቦታዋ መለሰልኝና ለዙሁር ውዱእ ሊያደርግ ወጣ።